ጭረቱ አጠገብ የሰማነው ድምፅ

ባለፈው ቅዳሜ ቤድፎርድ ውስጥ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ ላይ በሚሸጥበት አንድ ጋራዥ ሴል ላይ የመጽሐፍ መደርደሪያ ፍለጋ ስዞር፣ የአደን ዕቃ የታጨቀበት ካርቶን ውስጥ አውራ ጣት የምታህል ቡናማ ጠርሙስ አየሁ። ምን እንደያዘች አውቃለሁ። እያወቅሁ ክዳኗን ከፈትኩና አሸተትኩ። ባለዕቃዋ ሴትዮ "ኖ፣ ኖ፣ ሃኒ!" እያለች ከወንበሯ ስትነሳ ሽታው አንዴ ገብቶልኛል። የወንድ አጋዘን ሽንት ነው፤ የከረመ፣ የሚኮመጥጥ፣ ጉሮሮ የሚይዝ። ዐይኔ እንባ ሲያቀርር ሴትዮዋ ሽታው ያስለቀሰኝ መስሏት እየሳቀች ሶፍት አቀበለችኝ። እኔም አላስተባበልኩም።

ያን ሽታ የማውቀው ከአንድ መከር ነው። አሥር ዓመቴ ነበር። ሮውሌት ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ቤት፣ ከእናቴና ከአያቴ ጋር እኖር ነበር። አያቴን አባባ ነበር የምላቸው፤ የእናቴ አባት ናቸው። ባሌ ተራሮች ላይ ዕድሜያቸውን የዱር አራዊት ጠባቂ ሆነው ሠርተው፣ ጡረታ ሲወጡ እናቴ አስመጣቻቸው። እዚህ የሚጠብቁት አውሬ ስላጡ የጓሮውን ሽኮኮዎች በመስኮት ይከታተሉ ነበር። የትኛው ከየትኛው እንደተጣላ፣ የትኛው የሌላውን ፍሬ ቆፍሮ እንደሰረቀ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ በአንድ ይነግሩኛል። ሩቁን እንደ ድሮው ያያሉ። ቅርቡ ግን፣ በተለይ የስልክ ጽሑፍ፣ መነጽር አድርገውም አይሆንላቸውም ነበር።

ማኪኒ የሚኖረው አጎቴ ዳንኤል የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ትራክ ይነዳል። ከሥራ ጓደኞቹ አደን ተምሮ፣ ከማኪኒ በስተሰሜን ወደ ኦክላሆማ ድንበር ሲጠጉ ካለ አንድ እርሻ ላይ የማደኛ ቦታ ተከራይቶ ነበር። አባባ በዚህ ይቀልዱበታል። "እኔ ጫካ ለጫካ አዳኝ ሳሳድድ፣ ለካ አዳኙን ቤቴ እያሳደግሁት ነው" ይሉታል። እናቴ ግን አልሳቀችም። ነፍሱ ሳትወጣ ተባርኮ ያልታረደ ሥጋ ማቀዝቀዣዬ ውስጥ አይገባም አለች። ስለዚህ ዳንኤል ሲተኩስ አጠገቡ ሆኖ፣ ሮጦ ደርሶ፣ በስመ አብ ብሎ ቢላ የሚያሳርፍ ሰው አስፈለገው። አባባ አብረው እንዲሄዱ የተወሰነው እንዲህ ነው፤ ምንም እንኳ መሮጥ ባይችሉም። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ዌርሃውስ ሥራ ስለምትገባና የሚይዘኝ ስለሌለ እኔም ተከተልኩ።

ልንጀምር ሳምንት ሲቀረን እናቴ ጋራዥ ወሰደችኝና የቆመው መኪና ውስጥ አስገብታ በሩን ዘጋችው።

"አጎትሽ ታደሰ ሞቷል" አለችኝ። "መኪና ተገልብጦ። አባባ አልሰማም።"

ታደሰ የአባባ የበኩር ልጅ ነው። ባሌ ቀርቶ የአባባን መሬት የሚያርሰው እሱ ነበር። በአካል አይቼው አላውቅም፤ ለእኔ ታደሰ ማለት ድምፅ ነበር። እሑድ እሑድ ይደውላል፤ ሲያጣን ደግሞ ረዥም የድምፅ መልእክት ይልካል። አባባ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ጎንበስ ብለው፣ ልክ ሰውየው ፊታቸው እንዳለ "እህ፣ እህ" እያሉ ያዳምጡታል።

እናቴ እየደጋገመች አስረዳችኝ። አባባ ልባቸው ላይ ቱቦ ሊገባላቸው ቀጠሮ አለ። ከዚያ በፊት በድንገት ከሰሙ ልባቸው አይችለውም። ካለፈ በኋላም ሲያትል ያለችው አክስቴ ፈቃድ አግኝታ እስክትመጣ ይጠበቃል። መርዶ በሥርዓት ነው የሚነገረው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ሽማግሌ ባለበት። ሁሉም ሰው ሥራ ስላለው ደግሞ ቅዳሜ መሆን አለበት።

"ያንቺ ሥራ የአባባ ስልክ ነው" አለች። "ከእጅሽ አይውጣ። ከአገር ቤት የሚመጣውን ሁሉ አጥፊ። አባባ ከጠየቀሽ ታደሰ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ሄዷል በይ። ገባሽ ፍሬ?"

ገባኝ አልኳት። የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስልኩ ከተናገረ አባባ ይሞታሉ፣ ከሞቱ ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩን ትራሴ ሥር አድርጌ እተኛ ነበር። አማርኛ የማነበው ፊደል በፊደል ስለነበር፣ ጽሑፉን ትቼ የሻማ ሥዕል ያለበትን ሁሉ አጠፋሁ። በዚህ መሐል የአንድ ዘመድ ልጅ የልደት ኬክም አብሮ ጠፍቷል። እናቴ ደግሞ ከሥራ ስትመለስ መኪናውን ጋራዥ ፓርክ አድርጋ ብዙ ሳትወጣ ትቆያለች። ስትገባ ፊቷ ታጥቧል። ከሥራ ልብሷ ሥር ጥቁር ካናቴራ ትለብስ ነበር፤ እሷም ሐዘኗን በዚያ ቆልፋ ነው የከረመችው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጭረት ሠራን። ዳንኤል "ስክሬፕ" ይለዋል፤ አባባ ጭረት አሉት፤ እኔም የአባባን ያዝኩ። ወንድ አጋዘን የስሪያው ወራት ሲቃረብ፣ ዝቅ ብሎ ከተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ሥር ቅጠሉን በኮቴው ጠርጎ አፈሩን ይጭራል፤ ሽንቱን ይተውበታል፤ ፊቱን በቅርንጫፉ ያሻሻል። ሌላው ወንድ ሲያልፍ ያሸትተዋል፤ ማነው ሰፈሬ የገባው ብሎ ደጋግሞ ይመላለሳል። አዳኝ ያንኑ አስመስሎ ይሠራና ካሜራ ዛፍ ላይ አስሮ ይጠብቃል።

ዳንኤል የጎማ ቦት አድርጎ፣ የጎማ ጓንት አጥልቆ፣ ያየውን ቪዲዮ በቃሉ እየደገመ አንድ ዛፍ መረጠ። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እዚህማ ነፋሱ ከእኛ ወደሱ ነው። ሳይደርስ ስማችንን ከነአባታችን ያውቀዋል።"

ጅረቱን ተከትለው ቀስ እያሉ ሄዱ። አንዲት ኦክ ሥር ቆሙ፤ ቅርንጫፏ ግንባራቸው ትክክል ነበር፣ ከሥሯ የአጋዘን መንገድ ያልፋል። ዳንኤል ጓንት ሰጣቸው። በእንጨት ቅጠሉን ገፍተው ሰፌድ የምታህል ክብ መሬት አወጡ። አፈሩ ጥቁርና እርጥብ ነበር። ከዚያ ዳንኤል ጠርሙሷን ከፍቶ አንጠባጠበባት፤ ያን ጊዜ ነው ሽታውን የተዋወቅሁት። አፍንጫዬን ይዤ ልነካ ስጠጋ ጮኸብኝ።

"ፍሬ፣ ዶንት ተች! የሰው ሽታ ካገኘ በቃ፣ ፊኒሽ ነው፣ አይመጣም።"

ወደ አባባ ዞርኩ። "ሶ ትሪክ ነው? ሌላ አጋዘን የለም አይደል?"

"የለም።"

"ሶ ውሸት ነው።"

አባባ ጥቂት አሰቡበት። "ጭረቱ ውሸት ነው፤ እኛ ነን የጫርነው። ሽታው ግን የእውነት አጋዘን ሽታ ነው። አጋዘኑ ብቻ ነው እዚህ የሌለው" አሉኝ።

ይህች ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ሰነበተች። በዚያው ሰሞን ታደሰ ሳይደውል ሁለተኛ እሑድ አለፈ። አባባ ስልኩን ከእኔ ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲጠብቁ ዋሉ። ኔትወርክ የለውም አልኳቸው። "እንዲህ አርቆ የሚሄድበት ምን ሥራ አገኘ?" አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለመስኮቱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ መኪና ውስጥ ዳንኤልን ጠየቁት። እሱም ስለ ኔትወርክ አንድ ነገር ተናገረ። ከኋላ ተቀምጬ ማጅራቱ ሲቀላ አየሁ። አባባ ሊደርሱበት ነው ብዬ ፈራሁ። አንድ ምልክት ቢያገኙ ግን ይረጋጋሉ ብዬ አሰብኩ። ስልኩ ውስጥ ደግሞ የታደሰ የእውነት ድምፅ አለ፤ አምስት መልእክት፣ ሁሉም የቆዩ።

ዳንኤል ካሜራውን ቼክ ሊያደርግ ራቅ ሲል፣ እኔና አባባ ከጭረቱ ወዲህ ግንድ ላይ ተቀምጠን ነበር። የመጀመሪያውን፣ ከሁሉ የቆየውን መረጥኩ። ሽማግሌ ስለሆኑ ረስተውታል አልኩ።

"አባባ! ማኪኒ ስንደርስ ሜሴጅ መጣ። ጋሼ ታደሰ ነው።"

ፊታቸው እንዴት እንደበራ ዛሬም ይታየኛል። ከፈትኩት። "አባባ፣ እንደምን ነዎት? እኛ ደኅና ነን። በልጉ ተመስገን ዘንቦልናል። የላይኛውን ማሳ ትናንት ገብስ ዘርተን ጨረስን። በሬው ብቻ ትንሽ አነከሰብኝ..." ድምፁ ጎርናና ነው፤ መሐል ላይ ዶሮ ይጮኻል። ከሚለው ነገር ግማሹ አይገባኝም ነበር። በልግ የማንኛውም ዝናብ ስም ይመስለኝ ነበር።

አባባ እስኪያልቅ "እህ" አላሉም።

"ድገሚው" አሉ። ደገምኩት።

"አሁንም ድገሚው።"

ሦስተኛው ሲያልቅ ተነሥተው ወደ ጭረቱ ሄዱ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቁጢጥ አሉና ባዶ እጃቸውን፣ ያለ ጓንት፣ እርጥቡ አፈር ላይ ዘርግተው አሳረፉ። ብዙ ቆዩ። ያንን ያህል የሚጠነቀቁ ሰው ምን ነካቸው ብዬ ገረመኝ። ዳንኤል ሲመለስ አይቶ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ።

"አባባ! ጓንቱስ? ሽታዎን ተዉበት እኮ! አውራው አጋዘን እንግዲህ አይመጣም።"

"ረሳሁት" አሉ አባባ። እጃቸውን ሳያራግፉ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። "ታደሰ ድምፅ ላከ" አሉት። ዳንኤል እኔን አየኝ። እኔ ደግሞ ኮራ ብዬ አየሁት።

ቤት ስንደርስ እናቴ ሰምታ ክፍሌ ድረስ መጣች። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። "ምን አለ?" አለችኝ። "አመነ?" አመኑ አልኳት። አቅፋኝ ፀጉሬ ውስጥ ተነፈሰች። እኔ በዚያን ዕለት የአባባን ልብ ያዳንኩ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ራሳቸው ይጠይቁኝ ጀመር። ጭረቱ ጋ ስንደርስ፣ ዳንኤል ሲርቅ ጠብቀው፣ "ዛሬስ ታደሰ ላከ?" ይሉኛል። ልኳል እላለሁ። ሁለተኛውን ከፈትኩ፤ ሦስተኛውንና አራተኛውን ከፈትኩ። አንዱ ስለ አንድ ጎረቤት ሠርግ ነበር፤ አንዱ ስለ አጥር። ዐይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሰሙት። አንድ ቀን "ሲስቅ ያለችበትን ብቻ መልሺልኝ" አሉኝ። እኔ ግን የቀሩትን እየቆጠርኩ ነበር። ሲያልቁ ምን ልበላቸው?

አውራው ግን መጣ። የአባባ እጅ ሽታ አላስፈራውም ወይም ዝናብ አጥቦት ይሆናል፤ በካሜራው ላይ ቀንዱ ስምንት ቅርንጫፍ ያለው፣ አንገቱ ያበጠ ወንድ ቅርንጫፏን ሲያሸት ተገኘ። ዳንኤል ስልኩ ላይ ሰቅሎ ለሁሉም አሳየ። በመሐሉ አባባ ሆስፒታል ገብተው ቱቦው ገባላቸው፤ ደኅና ወጡ። እናቴ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ አመሰገነች። ከዚያ አክስቴ የምትመጣበትን ቅዳሜ መጠበቅ ብቻ ቀረ። ያ ቅዳሜ የአደኑ ወቅት በተከፈተ በሳምንቱ ነበር።

አደኑ የተከፈተ ቀን ጎህ ሲቀድ ሦስታችንም ዳንኤል ጭረቱ ፊት ለፊት በሠራት የፕላይውድ መደበቂያ ውስጥ ነበርን። ብርዱ ይቆረጥማል። ፀሐይ ዛፎቹን ስትነካ አውራው ከጅረቱ ወጣ። በፎቶ ካየሁት ይበልጥ ነበር። ቀጥ ብሎ ወደ ጭረታችን ሄደ፤ ቅርንጫፏን በጥርሱ ያዝ አድርጎ ለቀቃት፤ አፈሩን አሸተተ፤ ቀና ብሎ ዙሪያውን ተመለከተ። እንደገና አሸተተና እንደገና ቀና አለ። እዚያ የሌለውን አጋዘን እየፈለገ መሆኑ ለእኔ እንኳ ገብቶኝ ነበር።

ዳንኤል ጠመንጃውን አስተካከለ። አፈሙዙ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ ጠቅላላ ሰውነቱ። ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ፤ ድምፅ እንዳያወጣ እጅጌውን ነክሷል። አጋዘኑ አምሮበት ስለነበር ማዘኑ መሰለኝ።

አባባ እጃቸውን ጀርባው ላይ አሳረፉ። "ነፋሱ ነው፣ ልጄ" አሉት ቀስ ብለው። "ዐይንህ ውስጥ ገብቶ ነው። ተወው ይሂድ።"

"አዎ" አለ ዳንኤል። "ነፋሱ ነው።" በመደበቂያዋ ውስጥ ግን ቅጠል እንኳ የሚያንቀሳቅስ ነፋስ አልነበረም። አውራው ሲበቃው ሄደ። የዚያን ዕለት አምስተኛውን፣ የመጨረሻውን መልእክት ከፈትኩላቸው።

በሳምንቱ ዓርብ ማታ እናቴ ነገ ማለዳ ጩኸት ቢሰሙ ፖሊስ እንዳይጠሩ ለጎረቤቶቻችን ተናግራ መጣች። ቅዳሜ ሳይነጋ መኪኖች መብራታቸውን እያጠፉ መንገዱ ዳር ቆሙ። ከጋርላንድ፣ ከማኪኒ፣ ከየቦታው። እኔ ስልኩን ይዤ ወደ አባባ ክፍል ገባሁ። ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስረው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ለአደን የተዘጋጁ መስሎኝ ደነገጥኩ።

"አባባ፣ ዛሬ አንሄድም።"

"አውቃለሁ" አሉ። እጃቸውን ዘርግተው ጉንጬን ዳሰሱኝ። "አንቺ ቁርስሽን ብይ።"

ሳሎን ገብተው ሲቀመጡ ሰዉ ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ስለ ሰው ልጅ፣ ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ ጥቂት ተናገሩ፤ ከዚያ የታደሰን ስም ጠሩ። አባባ ብድግ አሉ። "ታደሰ!" ብለው ጮኹ። "ታደሰ! ታደሰ!" እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሳቸው ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። እናቴ ስድስት ሳምንት ያፈነችውን አብራ ለቀቀችው፤ ዳንኤል መሬት ወደቀ፤ አክስቴ ደረቷን መታች። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆለፍኩና ስልኩን ደረቴ ላይ ይዤ የአባባ ልብ ሲቆም እጠብቅ ጀመር። ጩኸታቸው በተሰማኝ ቁጥር ገና አለ፣ ገና አለ እላለሁ። አልቆመም። ቀስ በቀስ ደግሞ፣ አሁን ሳስበው አፍራለሁ፣ በውስጤ ደስ አለኝ። ሥራዬን በደንብ ሠርቻለሁ አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ሰው ቀለል ሲል አባባ በእጃቸው ጠሩኝ። ሳሎን በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ድምፃቸው ተዘግቷል።

"ስልኬን አምጪው። ካሁን ወዲያ መጠበቁ ይበቃሻል።"

ሰጠኋቸው። በመዳፋቸው አገላብጠው መለሱልኝ።

"በልጉን ክፈቺልኝ።"

የቱን እንደሚሉኝ አልገባኝም።

"የመጀመሪያዋን። ገብስ ዘራን የሚላትን። በልግ የሚዘንበው በመጋቢት ነው፣ የኔ ልጅ። በጥቅምት ባሌ ላይ ገብስ የሚዘራ ሰው የለም። ያኔ በመጋቢት ሰምቻታለሁ፤ አልረሳኋትም። ኔትወርክ ነው ሲሉኝ፣ እናትሽ ጋራዥ ውስጥ ስትቆይ፣ ጠርጥሬ ነበር። አንቺ ያንን ስትከፍቺልኝ ግን አወቅሁ።"

ስልኩ ተናግሮ ነበር፤ ያናገርኩትም እኔ ነበርኩ።

"ልብህስ?" አልኩ፤ አንቱታው ጠፋብኝ።

"ይኸው አለ።"

"ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻህን?" አልኩ፤ ማልቀስ ጀምሬ ነበር። "ለምን አልነገርከኝም? እየዋሸሁህ እኮ ነበር!"

አባባ እናቴ እንዳትሰማ ወደ ወጥ ቤቱ በኩል አዩ። ከዚያ ራሴን ሳብ አድርገው ወደ ትከሻቸው አስጠጉት።

"ብነግርሽ ማጫወቱን ታቆሚ ነበራ" አሉኝ።